ብሉምበሮ በደብረ ብርሃን፦ ከአሥራ አራት ወር ጨዋታ በኋላ

የአጎቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ለመስቀል ከውጭ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ በሻንጣው ሁለት ነገር ይዞልኝ ነበር፤ አንደኛው ሁለት የተዘጋጁ የ60 ካርድ ስብስቦች ያሉበት የጀማሪዎች ሣጥን፣ ሁለተኛው ደግሞ 36 የታሸጉ ፓኮዎችን የያዘ ትልቅ ሣጥን ነው። ሁለቱም «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ከተባለው የካርድ ጨዋታ ተጨማሪ ዕትሞች አንዱ የሆነው፣ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የ«ብሉምበሮ» ናቸው። ከዚያን ጊዜ እስከዚህ ኅዳር ድረስ እኔ፣ የባለቤቴ ወንድምና ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች ቅዳሜ ማታ ማታ ስንጫወትበት ቆይተናል። ይህን የምጽፈው ካርዶቹ ጠርዛቸው ነጥቶ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ደስታም ሰክኖ ካበቃ በኋላ ነው።

ሪቻርድ ጋርፊልድ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ጨዋታ ሁለት አስማተኞች የሚፋለሙበት ነው፤ ሁለቱም ከ20 የሕይወት ነጥብ ተነሥተው፣ በየተራቸው የመሬት ካርድ እያወረዱ፣ ከመሬቱ በሚገኘው «ማና» ፍጡራንንና ድግምቶችን ይጠራሉ። መሬቶቹ ሜዳ፣ ደሴት፣ ረግረግ፣ ተራራና ጫካ ሲሆኑ በቅደም ተከተል ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ ማና ይሰጣሉ። በብሉምበሮ ዓለም ሰው የለም። አሥር ዋና ዋና የእንስሳት ወገኖች አሉ፤ እያንዳንዱም ሁለት ቀለም ይዟል፤ አይጦች ቀይና ነጭ፣ ጥንቸሎች አረንጓዴና ነጭ፣ ወፎች ነጭና ሰማያዊ፣ የሌሊት ወፎች ነጭና ጥቁር፣ እንቁራሪቶች አረንጓዴና ሰማያዊ፣ እንሽላሊቶች ጥቁርና ቀይ እያለ ይሄዳል።

የካርዶቹ ጽሑፍ በአማርኛ ስለማይታተም ስም ማውጣቱ የእኛ ሥራ ሆነ፤ ይህም ካሰብነው በላይ አከራከረን። ትልልቆቹን አይጦች «አይጠ መጎጥ» ብለን ከትንንሾቹ ለየናቸው። ጅራተ ጎፍላላዋን የዛፍ እንስሳ «ሽኮኮ» ስንላት ግን አንደኛው ወጣት፣ የጣርማ በር ገደል ሥር ያደገ ነውና፣ «ሽኮኮ ዓለት ላይ ነው የሚኖረው፣ ጅራትም የለው» ብሎ አልተቀበለንም። ልክ ነበር፤ የመዝሙረ ዳዊቱም ሽኮኮ መሸሸጊያው ድንጋይ ነው። ራኩን የሚባለውን ፊቱ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል እንስሳ ያለ ስም ትተነው እስከ ዛሬ «ሌባው» እንለዋለን። በመሬት ካርዶቹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። አምስቱ መሬቶች እያንዳንዳቸው በአራት ወቅት ተሥለው ሃያ ሥዕል ይወጣቸዋል፤ የብርዱ ወቅት ሥዕል በበረዶ የነጣ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭጋግና ጭቃ፣ ብርዱ የሚበረታውም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነውና ሥዕሉን «ክረምት» ብሎ የሚጠራ አልተገኘም።

ወደ ዋናው ፍርዴ ስመጣ፣ ከሁለቱ ሣጥኖች የበለጠ ያገለገለን ትንሹ ነው። አንዱ ስብስብ የጥንቸሎች ነው፤ በብዛት ይወልዳሉ፣ ሜዳውን ሞልተው ያጠቃሉ። ሁለተኛው ኦተር የሚባሉት ዓሣ አጥማጅ የወንዝ እንስሳት ስብስብ ሲሆን በሰማያዊና በቀይ ድግምት የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥንቸሎቹ ሳያቋርጡ ያሸንፉ ስለነበር ስብስቡ ያልተመጣጠነ መስሎኝ ነበር፤ እስከ ገና ድረስም በዚሁ አቋሜ ጸንቼ ቆየሁ። ነገሩ የተገለጠልኝ የባለቤቴ ወንድም ድግምቶቹን በራሱ ተራ ከመጨረስ ይልቅ አቆይቶ በተጋጣሚው ተራ ማውረድ ሲለምድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። አንዱ ስብስብ ወዲያው የሚገባ፣ ሌላው ወራት የሚጠይቅ መሆኑ ለአስተማሪም ለተማሪም ይመቻል።

ትልቁ ሣጥን የተለየ ነገር ነው። እያንዳንዱ ፓኮ 14 የጨዋታ ካርዶች ሲኖሩት ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም። ፓኮ ስንከፍት የደረሱ አንድ ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ካርታ ቁማር ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጨዋታው ቁማር እንዳልሆነ ማስረዳት አልከበደኝም፤ አከፋፈቱ ግን ይመስላል፣ ይህንንም አልደበቅኋቸውም። ብርቅ ካርድ ለማግኘት ብሎ ፓኮ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለዕድል ይሰጣል፤ የተለየ ካርድ ነጥሎ የሚገዛበት ሱቅ በአቅራቢያው ለሌለው ለእንደኛ ዓይነቱ ደግሞ ያልወጣው ካርድ በዚያው ይቀራል። የሣጥኑ ዋጋ በብር ሲመነዘር ከአንድ ወር ደመወዜ እንደሚበልጥ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ይሁን እንጂ ፓኮው የተሠራበት ሌላ አጠቃቀም አለ፤ ይኸውም መራረጥ ነው። አራታችንም ሦስት ሦስት ፓኮ ይዘን፣ ከአንዱ ፓኮ አንድ ካርድ መርጠን የቀረውን ወደ ጎን እያሳለፍን፣ በመጨረሻ 40 ካርድ ያለው ስብስብ ሠርተን እንጫወታለን። በአንድ ዙር 12 ፓኮ ስለሚያልቅ ሣጥኑ የበቃን ለሦስት ዙር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አዋጭ ሆኖ ያገኘሁትን ዘዴ የጀመርነው፤ 504ቱን ካርዶች በብርቅነታቸው ለያይተን፣ ፓኮ የሚመስሉ ክምሮችን በእጃችን እያዘጋጀን፣ ያንኑ ሣጥን ደጋግመን መራረጥ። ዛሬም የምንጫወተው በእሱ ነው።

በእነዚህ ማታዎች የብሉምበሮ ብልኃትም ጉድለቱም ታይቷል። እጅግ የወደድነው «ስጦታ» የሚለውን ሕግ ነው፤ ለተጋጣሚህ አንድ ነገር ለመስጠት ቃል ከገባህ ድግምትህ ይበረታል። ለምሳሌ በአንድ ሰማያዊ ማና የተጋጣሚን ፍጡር ወደ እጁ የሚመልስ ድግምት አለ፤ ለተጋጣሚህ አንዲት ዓሣ ከሰጠኸው ግን ከመሬት በቀር ያሻህን ካርዱን ይመልሳል። ዓሣዋ ለአንድ ተራ ምንም አትሠራም፤ በኋላ ግን ያቺው የሰጠሃት ዓሣ የመጨረሻ ነጥብህን ስትወስድ ማየት አለ። ኢግራ የምትባለው ግዙፍ ድመት ደግሞ ስትወርድ ሌሎቹን ፍጡራን በሙሉ «ምግብ» ታደርጋቸዋለች፤ ምግብ ከሜዳው ወደ መቃብር በወረደ ቁጥርም እሷ ትፋፋለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው በካርድ ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

ጉድለቱ ወገኖቹ በቀለም መታሰራቸው ነው። ከአሥረኛው መራረጥ በኋላ ምርጫው «የትኛው ካርድ ይሻላል» መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ የማን ወገን ነኝ» ወደሚል ይጠብባል፤ በሦስተኛው ካርድ አይጥ የያዘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አይጦቹ ራሳቸው ደግሞ ሚዛን ያጋድላሉ። «ሃርትፋየር ሂሮ» የምትባል በአንድ ቀይ ማና የምትወርድ አይጥ አለች፤ ባለቤቷ በድግምት ሲያነጣጥርባት በየተራው አንድ ጊዜ ታድጋለች፣ ስትሞትም በጉልበቷ ልክ ተጋጣሚን ትጎዳለች። እኛ በጥር ወር ከክምራችን አወጣናት፤ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ «ስታንዳርድ» ከሚባለው የውድድር ዓይነት በይፋ ታገደች። የእኛ ውሳኔ ቀድሞ መገኘቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አኩርቶናል።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። የሚያብረቀርቁት ካርዶች በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ወደ ፊታቸው ይጎብጣሉ፣ በበጋው ደረቅ አየር ወደ ኋላ ይለጠጣሉ፤ ምክንያቱም ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብለጨለጨው ንጣፍ አይጠጣም። በከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደሩ ለሳምንት ይረዳል፣ ከዚያ አይዘልቅም። የከተማችንን ብርድ ልብስ አጥፎ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ ካርድን ከላዩ ለማንሣት ይመቻል፤ ነገር ግን ሱፉ በፕላስቲክ ሽፋኖቹ ላይ ይለጠፋልና አሁን በላዩ ነጠላ እናለብሰዋለን። ሽፋን ሳንገዛ የተጫወትንባቸው የመጀመሪያ አራት ወራት ካርዶቹ በመበወዝ ብዛት ተልጠዋል፤ ጀርባቸው እየታወቀ ለማታለል የሚያመቹም አሉ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ለገና ሌላ ዕትም ሣጥን ላምጣ ወይ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ሣጥኑ ይቅር፣ ሁለት ስብስብ ያለበትን ትንሹን አንድ ድገመኝ፣ የቀረውን ቦታ በካርድ ሽፋን ሙላልኝ አልኩት።