የአባቴን ሞተር ሳያስገድዱ ላስነሱልኝ ባለሙያ

አዳማ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ የሚጠገን ዕቃ ባይኖራችሁም ይህን አንብቡልኝ፤ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ አልጽፍም። ነገር ግን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ቀጥሎ ባለው መንገድ ገብቶ «ጄኔሬተር የሚሠሩት ጋሼ» ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋበትም። የሊስትሮ ልጆቹ እጁን ይዘው ያደርሱታል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከነቤተሰባቸው ይባረኩ።

ነገሩ የአባቴ ነው። አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሚግ አውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ሲመለስ፣ ሻንጣው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ሞተር ይዞ መጣ። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። 2.5 ሲሲ ብቻ ናት። የዛሬ ባጃጆች ሞተር ወደ 200 ሲሲ እንደሚጠጋ ስታስቡት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ይገባችኋል።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ እናቴንና እኛን ይዞ አዳማ ገባ፤ ወፍጮ ቤቶችን እየጠገነ አሳደገን። እሑድ ግን የእርሱ ቀን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳ ላይ እንሄዳለን። ክንፏን ከቀላል እንጨትና ከወረቀት የሠራት አውሮፕላን በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ከእጁ መያዣ ጋር ትታሰራለች። እርሱ መሐል ይቆማል፣ እርሷ ዙሪያውን ትበራለች፤ መያዣውን ወደ ላይ ሲያዘነብል ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ትወርዳለች። ሞተሯ ከተነሣች በኋላ አውሮፕላኗን ይዞ የሚጠብቅና ምልክት ሲሰጠው የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናቴ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ተንበርክካ፣ ፊቷን ከጭሱ መልሳ፣ የአባቴን እጅ እየተመለከተች ትጠብቃለች። እጁን ሲያነሣ ትለቃታለች። እኛ ልጆቹ እንጮሃለን።

በ1991 አውሮፕላኗ መሬት መታችና ክንፏ ብትንትኑ ወጣ። አባቴ ሞተሯን ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለላትና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት። ሌላ ክንፍ እሠራለሁ እያለ ኖረ፤ ሳይሠራ በ2012 ዐረፈ። እናቴ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኑ ይደናገራት ጀመር፤ ማንን እንዳገኘች ትረሳለች። ስለዚያች አውሮፕላን ድምፅ ሲነሣ ግን ፊቷ ይበራል። ስለዚህ ሞተሯን አስጠግኜ ድምፅዋን ላሰማት ቆረጥሁ። ክንፍ አላስፈለገኝም። ድምፅዋ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አሁን መራራውን ልንገራችሁ። ከእኒህ ሰው በፊት አራት ቦታ ሄጃለሁ። አንደኛው ገና እንዳያት «ካንዴላዋ የት አለ? ተሰርቋል» አለኝ። ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ እንደሌላት፣ ኖሯትም እንደማያውቅ ከአባቴ የሰማሁትን ብነግረው አልሰማኝም፤ ቤንዚን አፈሰሰባትና ከመንኩራኩሯ፣ ማለትም ፊቷ ላይ ከምትሽከረከረው ፕሮፔለር ጋር ሲታገል ዋለ። ሁለተኛው ፊት ለፊት የወጣውን ዘንግ በፒንሳ ጨምድዶ አዞረው። አባቴ በነጭ ጨርቅ ይጠርገው የነበረው ብረት ላይ የፒንሳው ጥርስ ምልክት ዛሬም አለ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ሦስተኛው አምስት ሳምንት አቆይቶ፣ አናቷ ላይ ያለችውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ፣ ውስጧን በናፍጣ ሞልቶ «አልቆላታል» ብሎ መለሰልኝ። 1,500 ብር ከፍያለሁ። አራተኛው አዲስ አበባ ነው። እርሱ እንኳ አልነካትም። ከት ብሎ ስቆ «ለልጅ መጫወቻ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?» አለኝ። ከገንዘቡም፣ ከፒንሳውም ይልቅ ያቺ ሣቅ ናት ያስለቀሰችኝ። ሞተር አለመቻል ነውር አይደለም፤ አልችልም ማለትም ያስከብራል። የሰው ሐዘን ላይ መሣቅ ግን ምን ይባላል?

ወደ ጋሼ የመራችኝ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። መብራት ሲጠፋ ሥራዋን የሚያስቀጥልላትን ጄኔሬተር ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው የሚያበጁላት። ቅዳሜ ጠዋት ሄድሁ። ሲያዩኝ እጃቸውን ታጠቡ። ጠረጴዛቸው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጉና «እዚህ አስቀምጫት» አሉኝ። አልነኳትም። መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያዋን እየዞሩ ተመለከቷትና መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ «የማን ነበረች?» የሚል ነበር።

አራት ቦታ ሄጄ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኋቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው አዳመጡኝ።

ከዚያ አንሥተው አሸተቷት። «ይህች በጉሎ ዘይት ነው የኖረችው» አሉ። «እናቴ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ ቤታችን ይህ ነበር ሽታው።» እውነት ነው፤ አባቴ የጉሎ ዘይት ከነዳጁ ጋር ይቀላቅል ነበር። በአዳማ በየአጥሩ ጥግና በየቦዩ ዳር በቅሎ ማንም ዞሮ የማያየው ጉሎ ማለት ነው። ዘይቱ ሞተሯን እየቀባ ያኖራታል፤ ሳይጠረግ ዓመታት ከቆየ ግን እንደ ሙጫ ይደርቃል። ጋሼ እንዳስረዱኝ በሽታዋ ይህ ነበር። አልተሰበረችም፣ አላለቀችም፤ በገዛ ዘይቷ ተጣብቃ ነው 26 ዓመት የተኛችው። ያ ሁሉ ሰው ሲታገላት የነበረው የደረቀ ጉሎ ነበር። «ደግሞም» አሉኝ ሦስተኛው ሰው የሞላባትን ናፍጣ እያንጠባጠቡ፣ «ፈሳሽ አይጨመቅም። በዚህ ላይ በኃይል ቢያዞሯት ኖሮ ውስጧ ያለው ክንድ ይጎብጥ ነበር። እግዜር ጠብቋታል።»

ሁለት ቀን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፏት። ከዚያ አድርቀው፣ ከአጠገባቸው ካለው የሴቶች የውበት ሳሎን የፀጉር ማድረቂያ ተውሰው ቀስ እያሉ አሞቋት። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ስልክ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ተነፈሰች» አሉኝ። በጣታቸው ነው ያዞሯት። በጣት ብቻ። ፒንሳ አላነሡም።

ነዳጁ ሌላ ታሪክ ነው። ሁሉንም ልነግራችሁ አልችልም፤ ግማሹም አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፤ ይህች ሞተር በቤንዚን አትሠራም፣ መኪና በሚጠጣው ናፍጣ ብቻም አትነሣም። የምትፈልገው ላምባ፣ የጉሎ ዘይትና ኤተር ነው፤ በግምት ሲሶ ሲሶ። የጉሎ ዘይቱን ከፋርማሲ የተጣራውን አስገዙኝ። ኤተሩን ከባድ መኪና በደጋ ብርድ አልነሣ ሲል ሾፌሮች ከሚረጩት የቆርቆሮ መርጫ አወጡት። ኤተር በትንሽ ሙቀት በራሱ ስለሚቀጣጠል ሞተሯ ጨምቃ ስታግለው ይነድዳል፤ ካንዴላ የማያስፈልጋትም ለዚህ ነው። «ለዚህ ነው» ሲሉኝ የመጀመሪያውን ሰው አስታወስሁ።

አንድ ነገር ግን ዕድሜዬን በሙሉ አልረሳውም። ብርጭቆ አምጥተው ላምባ ቀዱ፤ በላዩ የጉሎ ዘይት ጨመሩ። ቢያማስሉት ቢያማስሉት አልዋሐድ አለ፤ ዘይቱ ተለይቶ ከታች ተኛ። «አየሽ? ሁለቱ አይስማሙም» አሉኝ። ከዚያ ኤተሩን ጠብ አደረጉበትና አማሰሉት። እንደ ነጭ ማር ጠራ። «ይህ ሽማግሌያቸው ነው፤ ያስታርቃቸዋል። ሽማግሌው ከሄደ ግን ዕርቁም ይፈርሳል» አሉ። ኤተር ቶሎ ይተንናል ማለታቸው ነው። በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንደ አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት። ስለዚህ ክዳኑ ላልቶ የቆየ ነዳጅ ሽታው ቢኖርም ሞተሯን አያስነሣም። እኔ በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ፈተና ያለፍሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያች ብርጭቆ ያስተማረኝ የለም።

በዚህ ምክንያት «ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ነይ፤ ከረፈደ ነዳጁ ይሸሸናል» ብለው ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀጠሩኝ። በማግስቱ ስደርስ ሱቃቸውን ከፍተው፣ ደጁን ጠርገው፣ ጎረቤታቸው ያለውን በያጅ እስኪጨርሱ እንዳይጀምር ለምነው ጠበቁኝ። ኤተር እሳት አይችልም። ሲጋራ ይዞ ሊያይ የመጣውን ወጣት በትሕትና ወደ ማዶ ላኩት።

ሞተሯን ሁለት እንጨት መሐል አድርገው ሞርሳ ላይ አሰሯት። መንኩራኩሯን መቷት፤ ተነሣች፤ ሦስት ሰከንድ ጮኸችና ጠፋች። እንደገና፤ ሦስት ሰከንድና ጸጥታ። እኔ ተስፋ ቆረጥሁ። እርሳቸው ግን ደስ አላቸው። «የመጀመሪያዋን ጉርሻ በልታለች፤ ሁለተኛዋ ናት ያልደረሰቻት» አሉ። የነዳጁን ቱቦ ፈትተው አንዱን ጫፍ በጣታቸው ደፍነው ውሃ ውስጥ ነከሩትና በሌላው ጫፍ እፍ አሉበት። ከመሐሉ አረፋ ብልጭ ብልጭ አለ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው፤ በነዳጅ ፈንታ አየር ነበር የምትስበው። ከሞተር ብስክሌት የነዳጅ ቱቦ ቀጭኑን ቆርጠው ለወጡት። የነዳጅ መርፌዋንም ፈትተው በብሩሽ ፀጉር አጸዱ፤ ብረት እንዳይጭረው። የነዳጅ መያዣውንም ከመርፌዋ እኩል ከፍ አደረጉት፤ ለምን እንደሆነ ነግረውኛል፣ አልያዝሁትም።

ከዚያ ሊመቷት እጃቸውን ዘረጉና ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሁን ትነሣለች» አሉኝ። «ግን የመጀመሪያውን ድምፅ እኔ ልሰማው አይገባም። ሂጂና እናትሽን አምጫት።»

ይህን ስጽፍ ዛሬም እንባዬ ይመጣል። ያን ሁሉ ቀን የደከሙባትን ሞተር፣ ገና የንጋቱ ቅዝቃዜ ሳያልቅባቸው፣ ደንበኛም እየመጣባቸው፣ እጃቸውን ሰብስበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ አኖሩት። በባጃጅ በርሬ ሄጄ እናቴንና የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ተመለስሁ። እናቴን ከባጃጁ ደግፈው ያወረዷት እርሳቸው ናቸው። ወንበር ከጭሱ በሚርቅ በኩል አኖሩላት። ለልጄ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጠለቁለትና ጣቱን ከመንኩራኩሯ እንዴት እንደሚሰበስብ ሦስት ጊዜ አለማመዱት። «የአያትህ ናት፤ አንተ አስነሣት» አሉት።

በአራተኛው ምት ተነሣች። አላቆመችም። ጋሼ አናቷ ላይ ያለችውን ብሎን ቅንጣት ታህል ላላ አደረጉ፣ መርፌዋን ነካ አደረጉ፤ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየጠራ ሄደ። የልጅነቴ ድምፅ። ያ የኤተርና የጉሎ ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿን አውሮፕላን እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ዘርግታ፣ ፊቷን ከጭሱ መልሳ ቆየች። ነዳጁ ሲያልቅና ጸጥ ሲል ዞር ብላ «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አለችኝ። ረቡዕ ነበር። «አዎ እማዬ» አልኋት።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዕቃ የሚፈልጉ መሰሉ።

ሒሳቡን ስጠይቅ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ኤተር፣ ቱቦ፣ አልኮል፣ የእጅ ዋጋ፤ ድምሩ 900 ብር። የእናቴ ቀን የሚል የለበትም። ልጨምር ብል ተቆጡኝ። ከዚያ የተረፈውን ነዳጅ ክዳኑን አጥብቀው «ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ከምድጃና ከሕፃናት የራቀ» ብለው በላዩ ጻፉበት። ሞተሯን ባሠራናት ቁጥር የቀረውን ነዳጅ እንድናንጠባጥብ፣ ያለበለዚያ ጉሎው ተመልሶ እንደሚይዛት ለልጄ አስጠነቀቁት። አሁን እርሱ ነው የሚያጸዳት፤ በነጭ ጨርቅ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጄኔሬተራችሁ ቢታመም፣ የውሃ ፓምፓችሁ ቢያቆም፣ የወላጃችሁ የሆነ ማንም የናቀው ማሽን ቢኖራችሁ ወደ እርሳቸው ውሰዱ። ከእርሳቸው በፊት ለሌላ አትስጡ፤ እኔ ሰጥቼ አይቻለሁ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ቃላቸው ቃል ነው፣ የማይችሉትን አልችልም ይላሉ። በ1 ሰዓት ይከፍታሉ፤ እሑድ አይሠሩም። ስልክ ላይ ብዙ አያወሩም፤ በአካል ሂዱ። ዕቃውንም ሳትፈቱ፣ ሳታጥቡ፣ እንዳለ ውሰዱላቸው፤ ማሽተት ይፈልጋሉ።