የቴሌግራም ፖል (ድምፅ መስጫ) ለመምህራን ውሳኔ፦ አንድ ሴሚስተር ሞክረነዋል

እኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሰለቸንና "ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ስታፍ ግሩፑ ላይ በፖል ይወሰናል፣ መምህሩ ይሳተፍ" ከተባለ አንድ ሴሚስተር ሞላው፣ ስለዚህ የተጠቀምኩበትን ያህል ልናገር።

አፑ ላይ ምንም ክርክር የለኝም፣ አሪፍ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ጭቅጭቅ በእረፍት ሰዓት ይጨርስልሃል፣ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማይሉ መምህራንም እዚህ ይመርጣሉ። ችግሩ ሴቲንጉን ማን ነካው የሚለው ላይ ነው። ፖል እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመጣ ማን ምን እንደመረጠ አይታይም ነበር፣ በ2020 ነው ስም የሚያሳየው የተጨመረው፣ የኛ ዳይሬክተር ደሞ አኖኒመሱን (ስም የሚደብቀውን) አጥፍተው ነው የሚለቁት። እና ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ካልመረጥክ ውጤቱ ስለማይታይ ሁሉም አንዱን ነክቶ እሳቸው እስኪመርጡ ይጠብቃል፣ ከዛ ድምፃችንን ሰርዘን የሳቸው ስም ያለበት ምርጫ ላይ ግር ብለን እንገባለን 😂

ምርጫዎቹ ራሳቸውስ? "ማካካሻ ክላስ መቼ ይሁን" ተብሎ መጣ፣ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ወይስ በእረፍት ሳምንት። ማካካሻ ያስፈልጋል ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ያንን ቀን ብቻ እንደምንም ደፍረን ከሰዓት የሚለውን እያስመራን ነበር፣ እኔ ክላስ ገብቼ ስወጣ "ፋይናል ሪዛልት" ይላል። ፖሉን የለቀቀው ሰው ባሰኘው ሰዓት መዝጋት እንደሚችል የዛን ቀን ነው ያወቅኩት፣ ቅዳሜ በአንድ ድምፅ ሲበልጥ ጠብቀው ዘግተውታል።

እውነት ለመናገር አንዴ በደንብ ሰርቷል። የፈታኝ ምደባ ላይ መጀመሪያ በየዲፓርትመንቱ ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ አማራጮቹን ራሳችን ጽፈን ሰጠን፣ ፖሉም አኖኒመስ ሆኖ ተለቀቀ፣ ያሸነፈው እኔ ያልመረጥኩት ነበር ግን ሳላጉረመርም ፈተንኩ፣ ማንም ሲቀር አላየሁም። ስለዚህ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ አማራጮቹን ማን እንደሚጽፍና መቼ እንደሚዘጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ እሱ ከሌለ ቢቀርባችሁ ይሻላል።

ትናንት ደሞ ስለ በጀት ፖል ይመጣል ተብሎ ስንጠብቅ ውለን ማታ የመጣው የስታፍ ቲሸርት ከለር ነው። ሰማያዊ መረጥኩ።