በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጥ የቲማቲም መድኃኒት አትግዙ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲ ወይም በጀሪካን ቲማቲም ለመትከል ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡት። በተለይ ሕፃን ልጅ ቤታችሁ ካለ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አንድ ሰው ችግኝ በጋሪ ጭኖ ሰፈራችን መጣ። ስድስት የቲማቲም ችግኝ፣ አፈር ከተሞላ ስድስት ባልዲ ጋር፣ "የትል መድኃኒት" ተጨምሮበት፣ 3,000 ብር። እኔ ተከራይ ነኝ። መሬት የለኝም፣ ያለችኝ ጠባብ በረንዳ ናት። ከገበያ ቲማቲም መግዛት ስንቶቻችንን እንዳማረረ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ደስ አለኝ።

"በ45 ቀን ትለቅሚያለሽ እህቴ። ዘሩ ብርድ የሚችል ነው" አለኝ።

ደረሰኝ ስጠይቀው "እኔን እዚሁ ታገኚኝ የለ" አለ። ከፈልኩት።

መድኃኒቱ የተሞላው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሽ። ስም የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ የአደጋ ምልክት የለው። ከረጨሁ በኋላ ስንት ቀን ቆይቼ እንደምለቅም ስጠይቀው "በማግስቱ አጥቦ መብላት ነው" አለኝ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ላይ ነጣ ያለ፣ የተቃጠለ የመሰለ ነገር በዛ። ረጨሁ። ባሰበት። ሰውየው በሰፈራችን ሲያልፍ ጠርቼ አሳየሁት። "ትሉ ኃይለኛ ነው፣ ከበድ ያለውን ልስጥሽ" ብሎ ሌላ ሃይላንድ በ450 ብር ሸጠልኝ። ይሄኛው ሽታው ብቻውን ራስ ያዞራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጠርሙሱን መስኮት ላይ፣ ልጄ የማትደርስበት ቦታ ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ላማስል ገብቼ ስመለስ የስድስት ዓመቷ ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ ጠርሙሱን ይዛለች። ክዳኑን እየታገለችው ነው። "እማ፣ ወተት ነው?" አለችኝ። አልከፈተችውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልከፈተችውም። ግን ብትጠጣውስ? ሐኪም ቤት ወስጃት "ምን ጠጣች?" ብባል ምን እመልስ ነበር? ይህ ጥያቄ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ለፀረ ተባይ መርዝ የሚሰጠው ሕክምና እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። የእኔ ጠርሙስ ላይ የነበረው የውሃ ማስታወቂያ ነው።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አጎት ከሸዋ ሮቢት መጡ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በግብርና ባለሙያነት ነው የጨረሱት። ጉዱን ስነግራቸው ዝም ብለው ወደ በረንዳው ወጡ። አንድ ቅጠል ቀነጠሱና ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ያዙት።

"ነይ እስቲ እዪ ልጄ።"

በነጣው ቦታ ውስጥ፣ በቅጠሉ ላይኛውና ታችኛው ቆዳ መካከል፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ትል ትንቀሳቀሳለች። ከኋላዋ ጥቁር ኩስ ጥላለች።

"ቱታ ይሏታል፣ ቱታ አብሶሉታ" አሉ። "አንቺ ቅጠሉን ከላይ ታጥቢያለሽ፣ እሷ ከውስጥ ሆና ትበላለች።"

ይህች ተባይ የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እናቲቱ በሌሊት የምትበር ትንሽ ግራጫ ብል ናት። አንዷ ብቻ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ትሏ ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ፍሬውንም ትበሳለች። አድጋ ስትጨርስ ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ገብታ ወደ ብል ትለወጣለች። ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶችን ለምዳለች፤ ስለዚህ "ከበድ ያለው" የተባለው ነገር እሷን ሳይሆን የሚጠቅሙትን ነፍሳት ሊጨርስ ይችላል። ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡትን ጥቃቅን ተባዮች) የምትበላዋ ባለ ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ለምሳሌ። እሷ ስትጠፋ ክሽክሹም ቀይ ሸረሪቱም ይፈነጫል። በእኔ ባልዲዎች ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ጋሼ ሌላም ነገር ጠየቁኝ። "ጎረቤት ቲማቲም የተከለ አለ?" የለም። "ታዲያ ከየት መጣ?" ስልኬን አወጣሁ። በገዛሁ ዕለት ለእህቴ የላክሁላት ፎቶ አለ። አስፍተን ስናየው የታችኞቹ ቅጠሎች ያኔውኑ ነጥተዋል። ትሉን ከነችግኙ ነው የገዛሁት። ቀጥሎ ደግሞ ለትሉ መድኃኒት ገዛሁ። ሰውየው አውቆ ያደረገው ይሁን አይሁን አልፈርድም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ነገሩ በረንዳዬ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ። ቱታ ድንችም ታጠቃለች። ዙሪያችን ደግሞ የድንች አገር ነው። ክረምት ላይ ቲማቲምን የሚያጠቁረው የቅጠል በሽታም ድንችን የሚጨርሰው ያው በሽታ ነው። የታመመ ችግኝ በጋሪ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ጉዳቱ የሚተርፈው ለገበሬው ነው።

አሁን ወደ "ብርድ የሚችል ዘር" ልምጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ ምን እንደሚሠራ ለዚህ አገር ሰው አይነገርም። ቲማቲም የቆላ ሰው ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ውርጭ ካገኘው ጠዋት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ነው የምታገኙት። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብትተክሉት እንኳ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከችግኝ እስከ ለቀማ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። 45 ቀን የሚላችሁ ሰው ቲማቲም አብቅሎ አያውቅም፤ ወይም እየዋሻችሁ ነው። ባልዲዎቹም ከታች ቀዳዳ አልነበራቸውም። ሥሩ በስብሶ አገኘሁት።

በዕቃ መትከልን አልተውኩም፤ እናንተም እንዳትተዉ። ጋሼ እንዳሳዩኝ ለአንድ ተክል አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን አፉ ተቆርጦ፣ ከታቹ በደንብ ተበስቶ ይበቃል። ጀሪካኑ ግን የዘይት ወይም የውሃ ይሁን። ፋብሪካ ኬሚካል የነበረበትን ታጥቧል ቢሏችሁም አትንኩት። አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅሉ። የዕቃ ጥቅሙ ማታ ወደ ግድግዳ ጥግ ማስጠጋት፣ በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን መቻሉ ነው። ዋናውን ወቅት ደግሞ ውርጩ ካለፈ በኋላ አድርጉት።

ችግኝ ስትገዙ ቅጠሉን ገልብጡ። ከሥሩ ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ አለ? ቅጠሉን ወደ ብርሃን ያዙት፣ ውስጡ መንገድ ይታያል? ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ዘሩ ሮማ ቪኤፍ ነው ወይስ መልካ ሳልሳ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ስሙን የማያውቅ ሻጭ ስለ ብርዱ ሊነግራችሁ አይችልም። ስድስት ተክል ላለው ሰው ደግሞ መድኃኒት ብዙም አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን አይቶ የነጣውን ቀንጥሶ በላስቲክ አስሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ክሽክሹን በውሃ ማጠብ ወይም ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውሃ መርጨት፣ ይኸው ነው። እኔ አሁን የማደርገው ይህንን ነው።

የግድ መድኃኒት ካስፈለገ ፋብሪካው እንዳሸገው ግዙ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበና ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ጽሑፉ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ ከመልቀም በፊት የሚቆየውን ቀን አንብቡ። አንዳንዱ ሦስት ቀን ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ። "በማግስቱ ብሉ" ለሁሉም አይሠራም። ደረሰኝም ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝኩ አቤት የምልበት ወረቀት የለኝም።

እንዲህ ያለውን ሃይላንድ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታውኑ አንሱት። ሽንት ቤት አትድፉት፣ ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አትጨምሩት። ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት። ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ላዩ ላይ በትልቁ "መርዝ" ብላችሁ ጻፉና ቁልፍ ባለው ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። የተረጨውን ፍሬ አትብሉት፣ ለልጅም አታቅምሱ። ከረጫችሁ በኋላ ምራቅ የሚያበዛ፣ የሚያልብ፣ የሚያስመልስ ወይም ዓይን የሚያደበዝዝ ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ስም ባይኖረውም ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።