ሳይለኩ ዋጋ የማይናገሩ የጎርፍ ቦይ ሠራተኞች፦ ከቀጨኔ ሰፈር ምስጋና

ከእንጦጦ ሥር፣ ቀጨኔ ላለው ሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦዩን ያስተካከሉልንን ዋና ግንበኛና አብረዋቸው የሚሠሩትን ወጣቶች በአደባባይ እናመሰግናለን። በመዋጮ ቦይ ለማሠራት ያሰበ ሰፈር ሁሉ ቢቀጥራቸው አይቆጭም። ሥራቸውን ከነልኩ የምንጽፈው ሌላ ባለሙያ ለምትቀጥሩም መመዘኛ እንዲሆናችሁ ነው።

ትልቁ ምስጋና ላስቀሩት ሥራ ነው። የኮሚቴው ሐሳብ 120 ሜትሩን ቦይ በሙሉ አፍርሶ በሰፊው ማስገንባት ነበር። ዋጋ እንዲሰጡ የተጠሩ ሌሎች ርዝመቱን በእርምጃ ቆጥረው እዚያው ዋጋ ጠሩ። ጋሼ ግን፣ ሰፈሩ ዋናውን ግንበኛ የሚጠራው እንዲህ ነው፣ ከፍታና ዝቅታ በሚያሳይ፣ ውሃ በተሞላ ቀጭን የጎማ ቱቦና በሜትር ግማሽ ቀን ሲለኩ ዋሉና ችግሩ የቦዩ ስፋት እንዳልሆነ አሳዩ።

ስሌታቸው ቀላል ነው። ወደ ቦዩ ውሃ የሚልከው ቦታ 1 ሄክታር ያህል ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ ቢመጣ፣ አብዛኛው ቆርቆሮና ኮብልስቶን ስለሆነ 80 በመቶው መሬት ሳይሰርግ ይፈስሳል። ይህ በሰከንድ 133 ሊትር ገደማ ነው። ውስጡ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ቦይ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከሄደ በሰከንድ ከ300 ሊትር በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ የድሮው ቦይ ይበቃ ነበር። ያነቀው በአንድ የመኪና መግቢያ ሥር የተቀበረው ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ እንኳ በዚሁ ተዳፋት 100 ሊትር አይሞላም፣ ደለል ሲይዘው ደግሞ የዚያንም ግማሽ አያሳልፍም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ግቢዎች ይገባል። ቦዩ ምንም ያህል ቢሰፋ ውሃው እዚያች ቱቦ ላይ ሲደርስ ያው ነው።

ባለ 60 ቱቦ ይግባበት ሲባልም አልተስማሙም፤ ልክ ነበሩ። የቱቦ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ነገር ግን የቦዩ ጥልቀት ራሱ 60 ስለሆነ ከቱቦው በላይ አፈር አይተርፍም፣ የመኪና ጎማ ይሰነጥቀዋል። ቱቦውን አውጥተው ቦዩን በዚያው ልኩ አስቀጠሉት፤ ላዩን በ15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪትና በ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከደኑት። ፌሮው በክዳኑ የታችኛው ወገን፣ ከካሳፎርማው (ኮንክሪቱ ከሚፈስበት ቅርጽ) 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የታሰረው። ብዙ ቦታ የሚሰበረው ክዳን ፌሮው ወደ ላይ የወጣበት ነው፤ ጭነት ሲመጣ የሚሳበው የታችኛው ፊት ነውና። የእግረኛው ክዳን 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 80 በ40 ስፋት ስላለው 77 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሁለት ሰው በማንጠልጠያው አንሥቶ ደለል ሊጠርግ ይችላል። አንድ ወጥ ሆኖ የተደፈነ ቦይ ግን ከሞላ በኋላ መዶሻ ካልሆነ አይከፈትም።

የፈረሰው የታችኛው 35 ሜትር ብቻ እንደ አዲስ ተገነባ። ግድግዳው 30፣ ወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በየሜትሩ 0.6 ሜትር ኩብ ግንብና 1 ሜትር ኩብ ያህል ቁፋሮ ይወስዳል። አሸዋው ሲመጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጠው ያሳድሩታል፤ ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከ6 በመቶ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። አንድ ቢያጆ (የመኪና ጭነት) አሸዋ ሲመለስ ኮሚቴው ቅር ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግንቡ ለምን እንደማይፈረፈር ይገባናል። ከግድግዳው በስተ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ እንዳይገፋው በየ2 ሜትሩ የ5 ሴንቲ ሜትር ፒቪሲ ማንጠባጠቢያ አስቀርተዋል። ግንቡም ክዳኑም 7 ቀን ውሃ ጠጥቷል።

ቁልቁል በሆነው ጫፍ ላይ ውሃው ፈጥኖ ወንዙ ዳር ሲወድቅ መሠረቱን ከሥር ይበላዋል። የድሮው ግንብ የተደረመሰው በዚህ ነው። ቦዩን በደረጃ አወረዱትና መውደቂያው ላይ ትልልቅ ድንጋይ አነጠፉ፤ የንጣፉ ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ገብቷል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ቦዩ ቀዳዳ እንዲተዉላቸው የጠየቁ ነበሩ። እምቢ አሉ፤ ጎርፍ መውረጃው ፍሳሽ ማስወገጃ ከሆነ ውሃው ሲያጥለቀልቅ ወደ ቤት የሚገባው እርሱው ነው።

ስለ ገንዘቡ። መዋጮ የሚበላሸው ላይኛው ቤት «እኔን አይነካኝ» ሲል ነው። ጋሼ በእድሩ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር አፍ አዘጋ፦ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዚያ ዶፍ በአንድ ሰዓት 6,000 ሊትር ያወርዳል፤ ይህ 30 በርሜል ነው። ጎርፉ የሚገባው ታች ቤት ቢሆንም የሚነሣው ከሁሉ ጣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የወጪው ግማሽ በቤት እኩል፣ ግማሹ በጣሪያና በተነጠፈ ግቢ ስፋት ተከፈለ። ገንዘብ የሌለው በቁፋሮና አፈር በማመላለስ ቀን ተቆጠረለት። ይህ አከፋፈል ከእኩል መዋጮ የበለጠ ፍትሐዊ ነው ብለን እናምናለን።

ውላቸው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ድንጋይና አሸዋ ኮሚቴው ገዛ። ቅድሚያ 20 በመቶ ወሰዱ፣ ቀሪው ሥራው እየተለካ ተከፈለ፣ 10 በመቶው ደግሞ ሐምሌ አልፎ ቦዩ እስኪፈተን በመያዣነት ቆየ። መያዣውን ራሳቸው ናቸው ያቀረቡት። በሌሎች ዋጋ ውስጥ የማይታየውን የአፈር ማንሻም ከመጀመሪያው ጽፈውታል፦ 35 ሜትር ኩብ ሲቆፈር ተነፍቶ ከ40 ያልፋል፤ ጠርዝ ላይ ከተተወ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባል።

የሚቀጥራቸው ይህንን ይወቅ፦ አይቸኩሉም፣ ክረምት ላይም አይቆፍሩም። ከወረዳው ፈቃድ ሳይያዝ፣ የውሃና የመብራት መስመር በየት እንደሚያልፍ ሳይጠየቅ ዶማ አያነሡም። ሥራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ማለቅ ስላለበት በጥቅምትና በኅዳር አነጋግሯቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንሰጣለን። ቦዩ መግቢያ ላይ ያቆሙት የብረት ፍርግርግ ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካነሰ ፌስታል ይደፍነውና ራሱ ጎርፍ ይሠራል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ አጋማሽ ሌላ ጊዜ ደለሉን ለማንሣት የሚመጡበት ዋጋም ከውሉ ጋር ተጽፏል፤ እናንተም ስትዋዋሉ አስጽፉት።