የዲሲሲ ሳጥኔ ከወራት በኋላ፦ ማጥፋቱን ይችልበታል፣ ማብራቱን እንጃ

ይህን ግምገማ ከጥቂት ወራት በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ የሞዴል ባቡሮቼን የማዝበትን ሳጥን አሞግሼ አልጠግብም ነበር። ቤት ውስጥ እንከን አልነበረውም። የሞዴል ባቡር መስመሬን አስረዝሜ ወደ ኤግዚቢሽን ይዤው ስወጣ ግን ጉድ ሠራኝ፤ ያውም ሰው ፊት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ንዴቴ ገና እንዳልበረደ ቁጠሩት። ምስጋና የምትፈልጉ ካርቶኑ ላይ ሞልቶላችኋል፤ ከኔ የምታገኙት በአብዛኛው እሮሮ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ ቮልቴጅ ሲጨመር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀነስ ያዘግማል። መስመሩ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቭ ካለ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይቆማሉ። ዲሲሲ የሚባለው ዲጂታል አሠራር ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ይለቃል። ሳጥኑ የሁለቱን ሐዲዶች ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን) በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያገላበጠ ትእዛዙን በዚያው ይልካል። በ58 ማይክሮሰከንድ ከተገላበጠ 1 ማለት ነው፤ 100 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ 0። በየሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለችው ዲኮደር የራሷን ቁጥር ስትሰማ ትታዘዛለች፣ የሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። አሠራሩን ያፈለቀው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ነው። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር ኤንኤምአርኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አደረገው። ለዚህ ነው የአንዱ ፋብሪካ ሳጥን የሌላውን ፋብሪካ ሎኮሞቲቭ የሚያዘው።

የኔው ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጠው፣ 2.5 አምፔር የሚሰጠው ነው። መስመሬ ኤችኦ ነው፤ ልኬቱ 1 ለ 87፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር። ፍጥነት የሚሰጠው መዘውር ለእጅ ይመቻል፣ ሎኮሞቲቩ ሲነሣ እንኳ አያንገራግርም። በስልክም ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ ግን ኤግዚቢሽን ላይ ባለገመዱን ነው የምይዘው። አዳራሽ ሙሉ ስልክ ባለበት ቦታ ዋይፋይን ማመን ራስን መሸወድ ነው። ስለ ደህናው ነገር ይኸው ጨረስኩ።

ወደ ማስረዘሙ ልምጣ። ዙሩና ጣቢያው ብቻ በነበሩ ጊዜ ሦስት ባቡር ይበቃኝ ነበር። ኤግዚቢሽን ግን ሌላ ዓለም ነው። ተመልካቹ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚፈልገው፤ ባቡሩ ቆሞ ካገኘው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ስለዚህ ከጀርባ በኩል ባቡሮች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ ያስፈልጋል። እሱን በሁለት አዳዲስ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች ላይ ሠራሁት። ሰሌዳ ከሰሌዳ የሚገጥመው በናስ ወንዴና ሴቴ ፒን ነው። ብሎኑ አጥብቆ ይይዛል፣ ልኩን የሚጠብቀው ግን ፒኑ ነው። ሰሌዳዎቹ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሐዲዱን ጫፎች እንጨቱ ውስጥ በገቡ የናስ ብሎኖች ራስ ላይ በየድኳቸው፤ ካልተበየዱ በመጫንና በማውረድ መሃል የሆነ ሰው እጅጌ ይዟቸው ይሄዳል።

ከሥር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ዋና ሽቦ ዘረጋሁ፤ ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭም ቀጭን ሽቦ አወረድኩለት። ይሄ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ሐዲዱ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ መዳብ ከ10 እጥፍ በላይ ይቃወማል። በሐዲዱ ብቻ ኃይል አደርሳለሁ ያለ ሰው መስመሩ ጫፍ ላይ ባቡሩ ሲያነክስ ያየዋል። የሳንቲም ፈተናውንም ሠራሁ። ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ሳንቲም ስታጋድሙ ሳጥኑ ወዲያው ኃይሉን መቁረጥ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ካልቆረጠ እዚያ ጋ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ብየዳው ላልቷል ማለት ነው። እስከ ማቆያው ጥግ ድረስ እየተዘዋወርኩ ሞከርኩት፤ ሁሉም ቦታ ቆረጠ። ማጥፋቱንማ አጅሬ ይችልበታል!

ጉዱ የታየው ኤግዚቢሽኑ ላይ ነው። አንድ ባቡር ለሌላ መስመር በተከፈተ ሐዲድ መቀየሪያ በኩል ገባ። ሐዲዶቹ በሚሻገሩበት ሹል ጫፍ ላይ የብረቱ ጎማ ሁለቱን ፖላሪቲ አገናኘና ሾርት ተፈጠረ። ቀኑን ሙሉ ባቡር በሚነዳበት ቦታ ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሳጥኑ ቆረጠ፣ እሰይ። ባቡሩን ወደኋላ ሳብ አደረግነው፣ ሾርቱ ጠፋ። ሳጥኑ ጥቂት ጠብቆ ኃይሉን መለሰ። ከመመለሱ መልሶ ቆረጠ። ጠበቀ፣ መለሰ፣ ቆረጠ። ማቆያው ውስጥ የተደረደሩት ድምፅ ያላቸው ሎኮሞቲቮች ኃይል በመጣ ቁጥር ሞተራቸውን ማስነሣት ይጀምራሉ፤ ሳይጨርሱት ድርግም። ጉንፋን እንደያዛቸው ተማሪዎች በአንድነት እህህ ብለው ጸጥ፣ እህህ ብለው ጸጥ። ከፊት የቆመ አንድ ሕፃን የትርዒቱ አካል መስሎት ከት ብሎ ሳቀና «እንደገና!» አለ። ሳጥኑም አላሳፈረውም።

ሐዲዱን ብፈትሸው ምንም የለም። የወደቀ ፉርጎ የለም፣ ተረስቶ የቀረ ካቻቢቴ የለም። ቢቸግረኝ እጄን በምልክት መብራቶቹ መሃል አሾልኬ ሎኮሞቲቮቹን ከማቆያው አንድ በአንድ ማንሣት ጀመርኩ። ግማሽ ያህሉን ሳነሣ ኃይሉ ጸና። ከዚያ መልሼ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው፤ ሁሉም ቦታቸው ተመልሰው ሳጥኑ ምንም አላለም። ያው ሎኮሞቲቭ፣ ያው ሐዲድ! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ ሎኮሞቲቮች፣ በተለይ ድምፅ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ተገጥሞላቸዋል። ሐዲዱ ቆሽሾ ወይም ጎማው መቀየሪያ ላይ ለቅጽበት ኃይል አጥቶ ሎኮሞቲቩ እንዳይደናቀፍ የሚይዘው ስንቅ ነው። አሪፍ ፈጠራ ነው፤ ያለሱ ኤግዚቢሽን መውጣት አልፈልግም። ችግሩ፣ ባዶ ካፓሲተር ኃይል ሲያገኝ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚስበው ከርንት ከሾርት የማይለይ መሆኑ ነው። ሳጥኑ ሲቆርጥ የሁሉም ስንቅ ያልቃል። ሲመልስ ሁሉም በአንድ አፍ ይስባሉ። ሳጥኑ ይሄን ሾርት ነው ብሎ ያምናል፣ ይቆርጣል፣ ካፓሲተሮቹም መልሰው ይራቆታሉ። አንድ በአንድ ሳስቀምጣቸው ግን እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚሞላ ሳጥኑ አልተሰማውም። ሦስት ሎኮሞቲቭ ብቻ በነበሩኝ ጊዜ ድክመቱ ተደብቆ ነበር፤ ማቆያው ሲሞላ ነው ገመናው የወጣው።

አሁን የሻጩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። «ወንድሜ፣ እሱ እኮ የጀማሪ ነው፤ ትልቁን፣ የ5 አምፔሩን ብትወስድ ኖሮ…» ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ ሳጥኔን እከላከላለሁ። ሐዲዱ ላይ 15 ቮልት ገደማ አለ። በ5 አምፔር ስታበዙት 75 ዋት ይሆናል። ከሐዲድ የወጣ ጎማ ሾርቱን በቅጡ ካላገናኘውና ሳጥኑ ካልነቃ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ጎማዎቹን በያዘች አንዲት የፕላስቲክ ቦጊ ላይ ነው። ሽቦ የምንበይድበት መሣሪያ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ዋት ነው ያለው። በ2.5 አምፔር 37.5 ዋት ነው፤ እሱም አይናቅም፣ ግን ግማሹ ነው። የኤችኦ መስመር ላይ ብዙ ኃይል ባንድ ቦታ ከማከማቸት ትንሽ ትንሹን በየቦታው መክፈል ይሻላል። «እንግዲያው ሁለት ግዛ» የሚል ብልጥ ሻጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። እሱን በሰላምታ አልፈዋለሁ።

አምፔሩ ማነሱን ችዬዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ሳጥኑ ሾርት አየሁ ብሎ ከመቁረጡ በፊት ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚታገሥ እኔ መወሰን አልችልም። ለብቻቸው የሚሸጡ የዲሲሲ ብሬከሮች ላይ በስንት አምፔር፣ በስንት ጊዜ እንደሚቆርጡ ማስተካከል የሚቻልባቸው አሉ። የኔው ላይ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች ስበረብረው ያገኘሁት የስክሪን ብርሃን፣ ቋንቋና የአዝራር ድምፅ ነው። የአዝራር ድምፅ! አዝራሩ ስጫነው ጢው ይበል አይበል የመወሰን መብት ተሰጥቶኛል። «ለደህንነት ተብሎ ነው የተቆለፈው» ይሉኛል። ደህንነትን ማን ጠላ? ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለውን ወሰን እነሱ ይወስኑ፣ በመሃል ያለውን ለኔ ይተዉልኝ።

መዘዙ በዚህም አያበቃም። ማቆያው ላይ ባሉ አንዳንድ መቀየሪያዎች ሥር የሹሉን ጫፍ ፖላሪቲ በራሷ የምትገለብጥ ትንሽ ሰርኪት ገጥሜያለሁ። እሷም የምትነቃው ሾርቱን አይታ ነው። ሳጥኑ ቀድሟት ከቆረጠ ሥራዋን ሳትጀምር ሁሉም ነገር ይጠፋል። አንዳንዴ ትቀድመዋለች፣ አንዳንዴ ይቀድማታል። ሩጫ እያየሁ ነው የምውለው።

እና ምን አደረግኩ? መስመሩን ከፋፈልኩት። ጣቢያው፣ ዙሩና ማቆያው በሚገናኙባቸው ቦታዎች ሐዲዱን ቆርጬ በፕላስቲክ መገጣጠሚያ ለየሁት፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ብሬከር ሰጠሁት። የብሬከሮቹ መቁረጫ ከሳጥኑ ያነሰና የፈጠነ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ይቀድማቸውና ወጪው ከንቱ ነው። ሽቦውን ስታያይዙ የሁሉም ክፍሎች ፖላሪቲ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከተገለበጠ ሎኮሞቲቩ መቁረጫውን ሲሻገር ራሱ ሾርት ይሆናል። ማቆያው ላይ ደግሞ ለየመስመሩ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግኩ፤ ተራ የሚጠብቅ ባቡር ጠፍቶ ይጠብቃል።

ካፓሲተራቸውን ራሴ የገጠምኩላቸው ሎኮሞቲቮች ላይ የቀረውን ሥራ አንዲት ሬዚስተርና አንዲት ዳዮድ ጨረሱት። ሁለቱ ጎን ለጎን ይበየዱና ከካፓሲተሩ የፖዘቲቭ እግር ጋር በመስመር ይገባሉ። የዳዮዷ ቀለበት ያለበት ጎን ወደ ዲኮደሩ ይዞራል። በዚህ አሠራር ካፓሲተሩ የሚሞላው በሬዚስተሩ በኩል ቀስ ብሎ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ግን በዳዮዷ በኩል ያለ ገደብ ይሰጣል። ሬዚስተሩ 100 ኦም ከሆነ በ15 ቮልት ከ0.15 አምፔር በላይ አይስብም። 10 ሎኮሞቲቭ አንድ ላይ ቢነሣ 1.5 አምፔር ነው፤ የኔው 2.5 አምፔር ይችለዋል። ብየዳው ላይ ዐይን ያስፈልጋል። ሁሉንም ነገር ሸፍናችሁ ክዳኑ ሥር አስገቡ፤ ዳዮዷ የሞተሩን ብረት ከነካች ዲኮደሩን ደህና ሁን በሉት።

ከዚያ ወዲህ በወጣሁበት ኤግዚቢሽን ጣቢያው ላይ ሾርት ሲፈጠር የቆመው ጣቢያው ብቻ ነው። ዙሩ ላይ ያለው የጭነት ባቡር መንገዱን ቀጠለ፤ ተመልካቹም ወደዚያ ዞረ፣ ምንም አልገባውም። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የሳጥኑ አይደለም፤ ሳጥኑ ላይ ያጎደሉትን በራሴ ገንዘብና በራሴ እጅ ነው የሞላሁት።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ፣ ቤት ውስጥ ለሚነዳ ሰው አዎ። ያ መዘውር ብቻውን ያስገዛል። መስመሩን አስረዝሞ ለኤግዚቢሽን ለሚወጣ፣ በተለይ ድምፅ ያላቸው ሎኮሞቲቮች ለሚወድ ግን፣ ብሬከሮቹን አብሮ የማይገዛ ከሆነ ይቅርበት። እኔ አልሸጠውም፤ ተላምደናል። ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ ኤግዚቢሽኑ ዕለት ብትጠይቁኝ አንድም አላገኘም ነበር።

ለሠሪዎቹ አንድ ነገር ልበል። ሶፍትዌሩ በዩኤስቢ ይታደሳል ብላችሁ ነው የሸጣችሁልን። እንግዲያው በሚቀጥለው እድሳት የአዝራሩን ድምፅ አውጡና በቦታው ሚሊሰከንዱን አስገቡልን።