ፋይል ለምታወጣው የደብረ ብርሃን እህታችን ምስጋና፣ በሲስተም ሪስቶር ለምትተማመኑም ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ላይ ዊንዶውስ የሚጭን፣ ስክሪን የሚቀይር፣ ፕሪንተር የሚጠግን ባለሙያ አይጠፋም። የጠፋ ፋይል ማውጣትን ራሱን እንደቻለ ሙያ ይዛ የምትሠራ እህት ግን አለችንና ዛሬ በአደባባይ ልናመሰግናት፣ ለሌላውም ልንጠቁማት ነው። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ ፈቃዷን አክብረናል። እኛ በከተማው በሒሳብ፣ በጽሕፈትና በኮምፒውተር ጥገና ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ምስጋናችን በደፈናው እንዳይቀር ሥራዋን ዘርዝረን እንጽፋለን። ሌላ ባለሙያ ዘንድ የምትሄዱ ብትሆኑም ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ከዚህ ታገኛላችሁ።

በቅርቡ የሠራችውን እንውሰድ። 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው የሒሳብ ኮምፒውተር ነው። ዲ ድራይቭ ላይ የነበረ የአንድ ድርጅት የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ፎልደር በሺፍትና በዲሊት ተሰርዟል፤ በዚህ መንገድ የተሰረዘ ነገር ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። "ሲስተም ሪስቶር አድርጉት፣ ወደ ትናንቱ ይመለሳል" ተብሎ ተመከረ፣ ተደረገም። ፎልደሩ አልመጣም። ጭራሽ ከሪስቶር ፖይንቱ፣ ማለትም ዊንዶውስ ወደ ኋላ ከተመለሰበት ነጥብ፣ በኋላ ተጭኖ የነበረው የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ጠፋና የአማርኛ ደብዳቤዎቹ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈቱ ጀመር። ባለቤቶቹ "ሁሉም ተበላሸ" ብለው ነው ወደ እሷ ያመጡት።

እሷ መጀመሪያ ሁለቱን ችግር ለየች። ደብዳቤዎቹ ምንም አልሆኑም። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የዛሬው ሥርዓት) ባልሆኑት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ እንደነበረው ይታያል። ጉዳት የሚደርሰው ሰው ዝብርቅርቁን አይቶ "ላስተካክል" ሲል ነው፦ የጽሑፉን ፎንት በሌላ ይቀይርና ሴቭ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ አድካሚ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፋይል ከገጠማችሁ ሳትነኩ ዝጉት፣ ፎንቱን ጫኑ፣ ከዚያ ክፈቱት።

የፒችትሪው ጉዳይ ከባድ ነበር። እዚህ ላይ ሲስተም ሪስቶር ምን እንደሚሠራ በደንብ መታወቅ አለበት፤ በአካባቢያችን ብዙ ፋይል የሚጠፋው በዚህ ስም የተነሳ በሚፈጠር ተስፋ ነውና። ሲስተም ሪስቶር በ2000 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ሚሌኒየም ጋር የመጣ ነው። የሚመልሰው የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች፣ ሬጂስትሪውን (የቅንብሮቹን መዝገብ)፣ ድራይቨሮችንና የተጫኑ ፕሮግራሞችን ነው። አዲስ ድራይቨር ተጭኖ ድምፅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሁነኛ መድኃኒት ነው። ደብዳቤን፣ ፎቶን፣ ኤክሴልን፣ የሒሳብ ዳታን ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ ያሉትን አያጠፋም፣ የተሰረዙትንም አያመጣም። በዚያ ላይ ጥበቃው ቢበራ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ለሲ ድራይቭ ብቻ ነው፤ በብዙ የዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ ይገኛል። የእናንተን ለማየት በዊንዶውስ መፈለጊያ "ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት" ብላችሁ ጻፉ፤ በሚከፈተው ሲስተም ፕሮቴክሽን ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ድራይቭ ጎን ኦን ወይም ኦፍ የሚል አለ። ፖይንቶቹም ዘላለም አይቀመጡም። የተመደበላቸው ቦታ ሲሞላ አሮጌዎቹ ይሰረዛሉ፤ በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 እትም ላይ ከጁን 2025 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ ቢበዛ 60 ቀን ይቆያሉ። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ) ቫይረስ ከገባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠፋው እነዚህኑ ፖይንቶች ነው።

ታዲያ የተሰረዘው የት ሄደ? በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የተለመደው የፋይል አያያዝ) ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ የፋይሎች ዝርዝር በሚያዝበት በማውጫ ሠንጠረዡ ላይ "ይህ ቦታ ነፃ ነው" ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ይዘቱን ወዲያው አይፍቅም። ከቀበሌ መዝገብ ስሙ እንደተሰረዘ ቤት ነው፤ ለሌላ ተሰጥቶ በላዩ እስኪሠራበት ድረስ ቤቱ እንደቆመ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ማቆም ነው። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሶፍትዌርን ፋይሉ በጠፋበት ድራይቭ ላይ አውርዶ መጫን ራሱ የሚፈለገውን ቦታ ሊደርብበት ይችላል። ሲስተም ሪስቶርም ሲካሄድ ሲ ድራይቭ ላይ ብዙ ይጽፋል። የዚህኛውን ፎልደር ያተረፈው ዲ ላይ መሆኑ ነው፤ ዴስክቶፕ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ ቢሆን፣ ሁለቱም ሲ ድራይቭ ላይ ስለሆኑ፣ ዕድሉ እጅግ ይጠብ ነበር።

አሁን ወደ እጇ ሥራ። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ አላስነሳችውም። ዲስኩን አወጣች፣ በሳታ ኬብል ከራሷ ማሽን ጋር አገናኘች፣ በሊኑክስ ተነስታ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና በስማርት መረጃው (ዲስኩ ስለራሱ በሚይዘው መዝገብ) አየች። የምታየው ስለ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ሦስት ቁጥር ነው፦ የተተኩ ሴክተሮች፣ ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች። እነዚህ ከዜሮ ከፍ ብለው እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነውና ሌላ ሥራ ሁሉ ይቆያል። ቀጥላ ሙሉውን ዲስክ በዲዲሬስኪው ወደ 1 ቴራባይት ዲስክ ቀዳች። ይህ ፕሮግራም ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ይቀዳና ወደ ተበላሸው በኋላ ይመለሳል፤ የደረሰበትንም በማፕ ፋይል ስለሚይዝ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። 500 ጊጋባይት በሳታ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲሄድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 2 ማገናኛ ከሆነ ከአራት ሰዓት ያልፋል። "በአሥር ደቂቃ አወጣልሃለሁ" የሚላችሁ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎታል ማለት ነው። የቀረው ሥራ ሁሉ የተሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ከዚያ ቴስትዲስክ በሚባል ፕሮግራም የማውጫ ሠንጠረዡን አነበበች፤ የተሰረዘው ፎልደር ከነስሙ ተገኘ። እንደ ፎቶሬክ ያለ መሣሪያ እዚህ አይረዳም ነበር። ፎቶሬክ ፋይልን የሚያውቀው ከመነሻ ምልክቱ ነውና ለፎቶና ለወርድ ሰነድ ግሩም ነው፤ ግን የፋይል ስምና ፎልደር አይመልስም፣ የወጣው ሁሉ የቁጥር ስም ይይዛል። ፒችትሪ ደግሞ ደንበኛውን፣ አቅራቢውን፣ ጆርናሉን በተለያዩ ፋይሎች፣ እያንዳንዱን በተወሰነ ስም ነው የሚያስቀምጠው፤ ስሙ ከጠፋ ሊከፍተው አይችልም። በዚህ ምርጫዋ ነው ሙያዋን ያደነቅነው። የወጣውንም እንዲሁ አላስረከበችም፦ ተመሳሳይ የፒችትሪ እትም ባለው ሌላ ኮምፒውተር ከፍታ፣ ትሪያል ባላንስ (የሒሳቦች ሚዛን ዝርዝር) አውጥታ፣ ቢሮው ካተመው የመጨረሻ ወረቀት ጋር በባለቤቶቹ ፊት አመሳከረች። ክፍያ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

የማይሆነውን "አይሆንም" ስትልም እናመሰግናታለን። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ላይ የተሰረዘ ፋይል፣ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ በሚያሳውቀው ትሪም በሚባል አሠራር ምክንያት ብዙውን ጊዜ ወዲያው ባዶ ሆኖ ነው የሚነበበው፤ ገንዘብ ሳትቀበል ትመልሳለች። በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ዲስክ ያለ ይለፍ ቃሉ ወይም ያለ 48 አሃዙ ቁልፍ አይከፈትም። ሙሉ ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን በዜሮ ስለሚሞላ ከሱ በኋላ የሚወጣ የለም፤ ከክዊክ ፎርማት በኋላ ግን ተስፋ አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ደግሞ ክዳኑን አትከፍትም፤ አቧራ የሌለበት ልዩ ክፍል ይፈልጋልና ኤሌክትሪኩን ነቅላ "ከእንግዲህ አታብሩት" ትላለች።

ለሰሜን ሸዋ ሰው አንድ ነገር እንጨምር። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በስስ አየር ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ አየር ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች የሥራ ከፍታን እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ይወስናሉ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ነው፤ መሃል ሜዳና ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። በእነዚያ ቦታዎች ለሚሠራ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ይሻላል፣ ግን ከላይ ባልነው የትሪም ምክንያት ባክአፑ የግድ ነው። በብርድ ያደረ ዲስክም ሞቃት ክፍል ገብቶ ወዲያው መብራት የለበትም፤ እርጥበት እንዳይቋጥር ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ፍላሽ ላይ ፎልደሮቻችሁ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካያችሁ በአብዛኛው አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ፎርማትም አታድርጉ። አትሪብ በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ድብቅነቱ ይነሳል፤ ለዚህ ለእሷ መክፈል አያስፈልጋችሁም፣ እሷም አታስከፍልም።

ወደ እሷ ስትሄዱ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ውሰዱ። ምን እንደጠፋ፣ በየትኛው ድራይቭና ፎልደር እንደነበረ፣ ከጠፋ በኋላ ምን እንደተጫነ ወይም እንደተሞከረ በወረቀት ጻፉላት። የወጣው ፋይል የሚቀመጥበት ባዶ ዲስክ፣ ቢያንስ የጠፋበትን ያህል የሚይዝ፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደነበረበት ዲስክ አትመልስላችሁም። ቢትሎከር ካለ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውጡ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሷን ጠይቀን እናገናኛችኋለን። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።