ከሆስፒታል አልጋ ላይ የተካሄደ ምርመራ
እ.ኤ.አ. በ1951 የታተመው የጆሴፊን ቴይ «ዘ ዶተር ኦፍ ታይም»፣ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛው የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) መርማሪ አላን ግራንት፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ የወንድሙን ሁለት ልጆች በእርግጥ አስገድሎ እንደሆነ የሚያጣራበት ልብ ወለድ ነው። ከሁሉ በላይ የማረከኝ የማስረጃ አመዛዘኑ ነው፤ ንጉሡን በነፍሰ ገዳይነት የሚወነጅለው የእንግሊዛዊው ጸሐፊና ባለሥልጣን የቶማስ ሞር ጽሑፍ ለዘመናት እንደ ዓይን ምስክር ቃል ሲጠቀስ ቢኖርም፣ ሪቻርድ በ1485 ሲሞት ሞር ገና ሕፃን እንደነበረ ግራንት ሲደርስበት፣ ክሱ በስሚ ስሚ ላይ የቆመ ሆኖ ይገኛል። የነገሥታቱ የዘር ሐረግ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ደራሲዋ ጥፋቱን ሪቻርድን ድል አድርጎ ዙፋኑን በወረሰው በሄንሪ ሳብዓዊ ላይ ለመደምደም መቸኮሏም ቅር አሰኝቶኛል፤ የታሪክ ምሁራን በጉዳዩ ላይ ዛሬም አልተስማሙምና። ያም ሆኖ ስለ ሐሰትና ፍትሕ ማሰብ የሚወድ አንባቢ ሁሉ እንዲያነበው አጥብቄ እመክራለሁ።